ሰሞንና አጀንዳ፤ የሥራ ዝርዝር ከመርጡለ ማርያም እስከ መሐንዲሱ ጠረጴዛ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር የምትገኘው መርጡለ ማርያም ስሟን ያገኘችው «መርጡል» ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም አዳራሽ ወይም ድንኳን ማለት ነው። በገዳሟ ቅጽር ውስጥ የሚታየው የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በሐረግና በአበባ ቅርጽ በተጠረበው ድንጋዩ የታወቀ ነው። ይህን ድንጋይ የሚመለከት ሰው ሁለት ጥያቄ ይመጣበታል። አንደኛው «ማን አሠራው?» የሚለው ሲሆን፣ የታሪክ ጸሐፊዎች በብዛት የደከሙበትም ይኸው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። ይኸውም የኪስ ማስታወሻ ደብተር በማይታወቅበት ዘመን፣ ጠራቢው፣ ኖራ አቅላጩ፣ እንጨት አመላላሹና ቀዳሹ እያንዳንዱ ተራው መቼ እንደሆነና ምን እንደሚጠበቅበት እንዴት ይታወስ ነበር? የሚለው ነው።

ጥያቄው የጥንት ብቻ አይደለም። በዛሬው ጊዜ የቢሮ ሠራተኛው ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ የዕለቱን ሥራ በተራ ቁጥር ይጽፋል፤ የቤት እመቤት ቅዳሜ ገበያ ከመውጣቷ በፊት የጎደለውን ትመዘግባለች፤ የግንባታ ኃላፊው ለአናጢው፣ ለግንበኛውና ለብረት ሠራተኛው ሥራ ያከፋፍላል። ማታ ሲሆን ከተጻፈው የሚበዛው ወደ ነገ ይዛወራል። ነገም እንዲሁ ይሆንና ሰውየው ተሰላችቶ ዝርዝሩን ይተወዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ ቀጠሮ ሲረሳ እንደ ገና ይጀምረዋል። ይህ መጀመርና መተው የግል ስንፍና ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። የአገሩ ታሪክ ሲመረመር ግን አንድ ዝርዝር የሚጸናውም ሆነ የሚፈርሰው በጻፈው ሰው ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ይታያል።

የሕንፃው ታሪክ በአጭሩ

በገዳሟ ትውፊት መሠረት የመርጡለ ማርያም አመሠራረት እስከ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ድረስ ይቆጠራል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበረችው፣ በኋላም በሕፃኑ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን መንግሥቱን በሞግዚትነት የመራችው ንግሥት እሌኒ በዚህ ስፍራ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ነበር። ያም ሕንፃ በዚያው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋ። በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በስፍራው ላይ እንደ ገና ግንባታ አካሄዱ። ዐፄ ፋሲለደስ ሲነግሡ ሚሲዮናውያኑ ከአገር ተባረሩ፤ ሕንፃውም በዘመናት ብዛት ፈረሰ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎጃምን የተዘዋወረው እንግሊዛዊ ቻርለስ ቢክ ፍርስራሹን አይቶ መግለጫ ጽፎለታል።

እንግዲህ በዚህ ስፍራ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ታላቅ ሥራ ተጀምሮ ተፈጽሟል፤ ሁለት ጊዜም ፈርሷል። ሕንፃው ሲፈርስ ግን አገልግሎቱ አልቀረም። ድንጋዩ ያልቻለውን ቀጣይነት የሰጠው ሰዎች ተራቸውን የሚያውቁበት ሥርዓት ነው።

የበዓላት ቀመር

የጎጃም ገበሬ የቀን መቁጠሪያ በግድግዳ ላይ ሳይሰቅል የወሩን ቀናት በስም ያውቃቸዋል። አንድ ልደታ፣ አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ ዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ዐሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ ናቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሠላሳ ሦስቱ የማርያም በዓላት በመላው ግዛታቸው እንዲከበሩ በ15ኛው መቶ ዓመት ማዘዛቸው ደግሞ ይህን አቆጣጠር ይበልጥ አጠናክሮታል። ከወር ወር የሚዘዋወሩት አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ይሰላሉ፤ ውጤቱም በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን በአዋጅ ይነገራል። ይህ አዋጅ የመላው ምእመን የዓመት የሥራና የዕረፍት መርሐ ግብር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰዎች የግል ጉዳያቸውን በዚህ የጋራ ቀመር ላይ ያንጠለጥሉታል። ተበዳሪው «ለኅዳር ሚካኤል እከፍላለሁ» ሲል ቀኑን ለብቻው ማስታወስ አያስፈልገውም። አበዳሪውም፣ ዋሱም፣ ጎረቤቱም ሚካኤል ሲደርስ ያውቃሉና። የደቦና የወንፈል ተራም እንዲሁ ነው። ዛሬ የእገሌ እርሻ ከታረሰ ነገ የማን እንደሚታረስ በአንድ ሰው ኪስ የተጻፈ ሳይሆን በሁሉም ልብ የተያዘ ነው። የረሳ ሰው ቢኖር ሌላው ያስታውሰዋል፤ አውቆ የዘነጋ ቢኖር ደግሞ ያፍራል።

ከዚህ አቆጣጠር ውስጥ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ቀመሩ የሚሠራበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የማይሠራበትንም ቀን መወሰኑ ነው። በበዓል ቀን በሬ አይጠመድም፤ ወፍጮም አይፈጭም። የበዓላት መብዛት የእርሻን ሥራ ይጎዳል የሚል ትችት ከዘመናዊ ትምህርት መስፋፋት ጋር በተደጋጋሚ የተሰነዘረ ሲሆን፣ አዝመራ ደርሶ ዝናብ በሚያሰጋበት ሳምንት ትችቱ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ ዛሬ በየጠረጴዛው ላይ የሚጻፈው ዝርዝር የጎደለው አንድ ነገር በዚያ ቀመር ውስጥ ነበር። ይኸውም ወሰን ነው። የዘመኑ ዝርዝር ምን ይሠራ እንጂ ምን ይቅር አይልም፤ ስለሆነም መጨረሻ የለውም።

ሰሞነኛውና መሬቱ

ቤተ ክርስቲያን ግን በቃልና በልማድ ብቻ አልተወሰነችም። በዓመቱ ውስጥ በየቀኑ የትኛው የመልእክት፣ የሐዋርያት ሥራና የወንጌል ክፍል እንደሚነበብ፣ የትኛው ምስባክ እንደሚሰበክ በግጻዌ ተዘርዝሮ ይገኛል። የዕለቱ ቅዱሳን ታሪክ በስንክሳር፣ የዜማው ሥርዓት በድጓ ተመድቧል። ማን ያገልግል? ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልሱ ሰሞን ነው። በግዕዝ «ሰሙን» ሳምንት ማለት ሲሆን፣ ሰሞነኛ የሚባለው የሳምንቱ አገልግሎት የደረሰው ካህን ነው። ተራው እስኪያልፍ ከአገልግሎቱ አይርቅም፤ ሲያልፍም ለተረኛው አስረክቦ ወደ ቤቱና ወደ እርሻው ይመለሳል። በዕለት ተዕለት ንግግር «ሰሞኑን» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ሥር ነው።

ይሁንና ሰሞን የሚለው ስም ሌላም ትርጉም ነበረው። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተመደበው መሬት ራሱ ሰሞን ይባል ነበር። የቀዳሹ፣ የደብተራው፣ የዲያቆኑና የገበዙ ድርሻ ለየብቻ ይታወቅ ነበር፤ ለዕጣን፣ ለዘቢብና ለጧፍ የሚውለውም እንዲሁ። በጎጃም ታላላቅ አድባራትና ገዳማት የመሬት ስጦታው በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። በጽሑፉም የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የአገልግሎቱ ዓይነትና የእማኞቹ ስም ይዘረዘርና በመጨረሻው የሚሽረውን ሁሉ የሚያስር ግዝት ይጨመርበታል።

ይህ ጽሑፍ በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የተሟላ የሥራ ዝርዝር ነው። ሥራው ተለይቶ ተጽፏል፤ ባለቤት አለው፤ ጊዜው በተራ ተወስኗል፤ ማስፈጸሚያው መሬት ተመድቦለታል፤ ጠባቂም አለው። አንዱን ቃል አውጥቶ በሁለት ትርጉም መጠቀሙ፣ ማለትም የአገልግሎቱን ሳምንትና አገልጋዩን የሚያበላውን መሬት በአንድ ስም መጥራቱ፣ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ግዴታና አቅም እንዳይነጣጠሉ ተደርገው ታስረዋል።

ሆኖም ሥርዓቱ እንከን የለሽ አልነበረም። ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መኳንንትና ወይዛዝርት በአገልጋይ ስም የቤተ ክርስቲያን መሬት እየያዙ፣ አገልግሎቱን ግን ጥቂት ድርሻ በሚሰጠው ምትክ ደብተራ ያስፈጽሙ እንደ ነበር በምሥራቅ ጎጃም መዛግብት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። መሬቱን የሚያርሰው፣ ዜጋ ተብሎ የሚጠራው ርስት አልባ ገበሬ ደግሞ በስጦታው ጽሑፍ ላይ ከባለ መብቶቹ ተራ አይቆጠርም። በዝርዝሩ የሚታየው ስም ሥራውን በእርግጥ ከሚሠራው ሰው ሊለይ እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የጉልበቱ ባለቤት ያልተጻፈበት ዝርዝር ምንም ያህል የተሟላ ቢመስል ግማሹን እውነት ሸሽጓል።

ያለ ብራና የሚያስታውስ ትምህርት

ከዚሁ አገር ሌላም ፍጹም የተለየ ልማድ ይገኛል። ጎጃም በቅኔ ትምህርት የታወቀ ነው፤ ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉት ጉባኤ ቤቶች ስማቸው የገነነ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው በብራና ላይ ሳይሆን በልቡ ይቆጥራል። ቤቱን፣ ሰምና ወርቁን፣ ምጣኔውን በአእምሮው ውስጥ አሰናድቶ በመምህሩ ፊት በቃሉ ያቀርባል፤ መምህሩም በቃሉ ያርመዋል። በማኅሌት የሚሰማው ቅኔ ለዕለቱ በዓል አዲስ ሊሆን ይገባዋል እንጂ የትናንቱ አይደገምም። በአኮፋዳ የተለመነ ቁራሽ እየበላ የሚማረው ይህ ተማሪ እንጨት ለመልቀምና ውኃ ለመቅዳት ግን ተራ ይጠብቃል።

የአገሩ ሊቃውንት እንግዲህ የሚጻፈውንና የማይጻፈውን በሥራ ለይተውታል። የመሬት ድርሻ፣ የዕጣን ወጪ፣ የንባብ ተራ ይጻፋል፤ ሰው ቢሞት ወይም ቢሸፍት እንዳይጠፋ ነውና። ጥበቡ ግን አይጻፍም፤ ከሰውየው ጋር መዋሐድ አለበትና። ሁሉን ነገር በወረቀት የሚያሰፍር ሰውና ምንም ነገር የማይጽፍ ሰው ሁለቱም ይህን ልዩነት ስተውታል።

ከጸሐፌ ትእዛዝ እስከ አጀንዳ

በቤተ መንግሥቱ በኩል የሚሠራውን ነገር የመጻፍ ኃላፊነት የጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። ማዕረጉ ራሱ እንደሚያመለክተው የንጉሡ ቃል ሥራ የሚሆነው ሲጻፍና ሲላክ ነው። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴርም አብሮ ተቋቋመ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ግብርና ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ብዙ ዝርዝር የያዘ መጽሐፍ ሲሆን፣ ርእሱም የነገር መታሰቢያ ማለት ነው።

ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ሲስፋፋ ጥቁር ሽፋን ያለው የቀን ማስታወሻ ደብተር በየጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡም «አጀንዳ» ብሎ ጠራው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች» ማለት ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም ይኸው ቃል በመካከለኛው ዘመን ለአምልኮ ሥርዓት ያገለግል ነበር። ግጻዌና አጀንዳ በቋንቋ ቢራራቁም የተወለዱበት ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ልዩነታቸው ግጻዌ የማኅበር ሲሆን አጀንዳ የአንድ ሰው መሆኑ ነው። ሰሞነኛው ቢረሳ ደወል የሚደውልለት ነበረው፤ የአጀንዳው ባለቤት ግን ደብተሩን ካልገለጠው የሚያስታውሰው የለም።

በዓለም ደረጃ የሥራ ዝርዝር ትልቁን ጥቅሙን ያሳየው በአደጋ ምክንያት ነው። በጥቅምት 1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ የቦይንግ ሞዴል 299 አውሮፕላን ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ፤ ሁለት ሰዎችም ለሞት ተዳረጉ። ምርመራው እንዳሳየው ሞተሩ አልተበላሸም። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ እንዳያንቀሳቅሰው የጅራቱን መቆጣጠሪያ የሚይዘው ቁልፍ ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። አብራሪዎቹ የታወቁ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የጎደለው እውቀት ሳይሆን ማስታወስ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመነሣት በፊት የሚነበብ አጭር የመቆጣጠሪያ ዝርዝር ተዘጋጀ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 እ.ኤ.አ. ለቀዶ ሕክምና ተመሳሳይ ዝርዝር አወጣ። በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ታካሚዎች ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ዝቅ ብለዋል።

የሥነ ልቡና ምርምርም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ብሉማ ዛይጋርኒክ በ1927 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ሰው ከፈጸመው ሥራ ይልቅ ያቋረጠውን አብልጦ ያስታውሳል ይላል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ይህን ሁልጊዜ ባያረጋግጡትም፣ ማሲካምፖና ባውማይስተር በ2011 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጹት፣ ያልተፈጸመ ሥራ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ዕቅድ ሲወጣለት አእምሮን ማወኩን ይቀንሳል። ሥራውን መሰየም ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ዝርዝሩ ቀረ፣ አቅሙ ሄደ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የሰሞን መሬትም አብሮ ተወሰደ። ለዘመናት ሲያርስ ለኖረው ርስት አልባ ገበሬ አዋጁ ትልቅ ፍትሕ ነበር። ለአገልግሎቱ ዝርዝር ግን መሠረታዊ ለውጥ አመጣ። የቅዳሴው ሰዓት፣ የንባቡ ተራ፣ የጧፉና የዕጣኑ ፍላጎት እንደ ነበረ ሲቀጥል፣ ግዴታውን ከአቅሙ ጋር ያስተሳሰረው ገመድ ተበጠሰ። በወንጌሉ ገጽ የተጻፈው ስጦታ የታሪክ ሰነድ ብቻ ሆኖ ቀረ። አገልግሎቱ ያልተቋረጠው ምእመናኑ በሰበካ ጉባኤ በኩል ከኪሳቸው እያዋጡ ስለ ያዙት ነው።

በዚያው ዘመን መንግሥት ራሱ ከሁሉ የሚበልጠውን ዝርዝር ጻፈ። በ1977 ዓ.ም. የጀመረው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ የእርሻን፣ የኢንዱስትሪንና የመንገድን ሥራ በየዘርፉ ደልድሎ ነበር። ዕቅዱ በወጣበት ጊዜ አገሪቱ በከባድ ረኃብ ላይ ነበረች፤ ጦርነቱም ገንዘቡንና ወጣቱን ይወስድ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ዐሥሩ ዓመት ገና አልሞላም። ዕቅዱን ያዘጋጁት ሰዎች መጻፍ አልተሳናቸውም፤ ለተጻፈው ነገር የሚሆን አቅም ግን ሌላ ቦታ እየዋለ ነበር።

የገዳሙ ሰሞንና የመንግሥቱ ዕቅድ በመጠንም በዓላማም አይነጻጸሩም። ያስተማሩት ነገር ግን አንድ ነው። ዝርዝር የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በመርሳት አይደለም፤ ግዴታው ሳይነካ አቅሙ ሲነሣ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ቅን መንገዶች ብቻ አሉ። አንዱ ምእመናኑ እንዳደረጉት አዲስ አቅም መፈለግ ሲሆን፣ ሁለተኛው የማይቻለውን ሥራ በግልጽ መሰረዝ ነው። ሦስተኛውና የተለመደው መንገድ፣ የማይሠራውን ሥራ ከገጽ ወደ ገጽ ማዛወር፣ ሰውን በራሱ ቃል እንዳያምን ያለምደዋል።

ለመሐንዲሱ የሚቀረው

የምሕንድስና ሙያ በዝርዝር የታጠረ ነው። የሥራ መርሐ ግብር፣ የዕቃ መጠን ዝርዝር፣ የርክክብ መዝገብ፣ የጥገና ሰሌዳ ሁሉ የዚህ ዘር ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ እስከ ርክክብ ቀን ያሉት በአመዛኙ ይፈጸማሉ፤ ባለቤት፣ ቀን፣ በጀትና ተቆጣጣሪ አላቸውና። ከርክክብ በኋላ ያለው የጥገና ሰሌዳ ግን ብዙውን ጊዜ ከሰነዶቹ ጋር ታስሮ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የቦይ ጠረጋ፣ የጣሪያ ፍተሻ፣ የድልድይ መጋጠሚያ ጽዳት ተጽፈው ይገኛሉ፤ ተረኛው ማን እንደሆነና በምን ገንዘብ እንደሚሠራ ግን አልተጻፈም። ክረምት ሲገባ ቦዩ ይደፈንና ውኃው መሠረቱን ይበላል። ጉዳቱ በሚገመገምበት ቀን የሚቀርበው ሰነድ ሥራው አስቀድሞ የታወቀ እንደ ነበር ያረጋግጣል፤ ይህም ጸጸቱን ያከብደዋል።

የመርጡለ ማርያም የተጠረበ ድንጋይ ሠሪዎቹ ጥበብ እንዳልጎደላቸው ይመሰክራል። በአጠገቡ የቀጠለው አገልግሎት ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ መመደብ ምን ያህል እንደሚያኖር ያሳያል። አዲስ ሕንፃ፣ ድልድይ ወይም የውኃ መሥመር የሚያስረክብ መሐንዲስ ከሥዕሉና ከቁልፉ ጋር ሰሞኑንም ሊያስረክብ ይገባዋል፤ ይኸውም እያንዳንዱ የጥገና ሥራ በማን፣ መቼና በምን አቅም እንደሚሠራ ተቀባዩ ፈርሞ የተቀበለው ዝርዝር ነው። አቅም ያልተገኘለት ሥራ ካለም በዚያው ቀን በግልጽ ይነገር።